ጥላ ለክቶ ምድርን የመጠነ ሊቅ

በጂኦግራፊ ትምህርት ጊዜ የሁለት ከተሞችን የኬክሮስ ልዩነት ከካርታ ላይ ፈልጉ ስንባል፣ ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ተራ መቀነስ እንቆጥረዋለን። ነገር ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በዚሁ ልዩነት የምድርን ዙሪያ ያሰላ ሰው ነበረ፤ እርሱም ኤራቶስተኔስ ይባላል።

ኤራቶስተኔስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር በቀሬና ከተማ ተወለደ። በአቴና ከተማረ በኋላ የግብፅ ንጉሥ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ወደ እስክንድርያ አስጠርቶ በታላቁ ቤተ መጻሕፍት ላይ ሾመው። ሒሳብን፣ ሥነ ፈለክን፣ ግጥምንና ታሪክን አጣምሮ የያዘ ሰው ነበር። ስለ ዓባይና ከአገራችን ወርዶ ከዓባይ ጋር ስለሚገናኘው ስለ አትባራ ወንዝም ጽፏል። ይሁን እንጂ በሁሉም ሙያ ሁለተኛ እንጂ አንደኛ አይሆንም በማለት፣ በግሪክ ፊደል ተራ ሁለተኛ በሆነችው በቤታ ስም ይጠሩት ነበር ይባላል።

በሰኔ ወር ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ዕለት፣ በሴዌኔ ማለት በዛሬይቱ አስዋን፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን የቆመ ዘንግ ጥላ እንደማይጥል ኤራቶስተኔስ ዐወቀ። በዚያው ዕለትና ሰዓት በእስክንድርያ ግን ጥላ ነበረ። የጥላውን ማእዘን ቢለካ የሙሉ ክብ አንድ ኀምሳኛ፣ ማለት 7 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ሆኖ አገኘው። የፀሐይ ጨረር ወደ ምድር የሚደርሰው ጎን ለጎን ተስተካክሎ ስለሆነ፣ ይህ ማእዘን የሁለቱ ከተሞች የኬክሮስ ልዩነት ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 5,000 ስታድዮን ይባል ነበርና፣ በ50 ቢያባዛው የምድር ዙሪያ 250,000 ስታድዮን ሆነ።

በዛሬ ካርታ እስክንድርያ በ31 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ፣ አስዋን በ24 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን ይገኛሉ። ልዩነታቸው 7 ዲግሪ ከ7 ደቂቃ ነው፤ እንግዲህ የሊቁ ስሕተት 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር።

እኛም በዚሁ መንገድ መሥራት እንችላለን። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በአንድ በኩል ሲሆኑ ትንሹ ኬክሮስ ከትልቁ ይቀነሳል። አክሱም በ14 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ሰሜን ስለሆኑ ልዩነታቸው 5 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ ነው። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አክሱም ከአዲስ አበባ 566 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። አንዱ ከተማ በሰሜን ሌላው በደቡብ ሲሆን ግን ይደመራል። ናይሮቢ በ1 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ደቡብ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ጋር ያላት ልዩነት 10 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ነው።

ኤራቶስተኔስ በእርጅናው ዓይኑ ታውሮ፣ ማንበብ ስለተሳነው ከምግብ ተከልክሎ በ194 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደ ሞተ ይነገራል። ሁለተኛ ያሉት ሰዎች ስም ግን ተረስቶ የእርሱ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል። ስለዚህ ከመካከላችን አንደኛ ያልወጣ ተማሪ ቢኖር ተስፋ አይቁረጥ፤ ይልቁንም ሌላው ሳያስተውል የሚያልፈውን ትንሽ ጥላ ቆሞ ይለካ።