እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የክፉ ቀን እናቶች

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ፣ በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ የሰሜንን ተራሮች ከፊቱ እያየ ይጓዛል። ከእነዚያ ተራሮች ባሻገር፣ በጃን አሞራ ምድር፣ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸውን ካህኑም ምእመኑም ያውቀዋል። የደጃዝማች ውቤ ወንድም የብጡል ኃይለ ማርያም ስም ግን የሚነሣው በልጃቸው ምክንያት ነው፤ ልጃቸውም እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

ስለ እቴጌ ጣይቱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዐድዋ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከዐድዋ በፊት ያለውን ዘመን፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሰየሙትን፣ ባል የሌላት እናት ከነልጆቿ የወደቀችበትን ዘመን ነው።

ጣይቱ የተወለዱት በ1843 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር አሉላን፣ ወሌን፣ ደስታንና ጣይቱን ይዘው በመበለትነት ቀሩ። በኋላም ወደ ጎጃም ወደ ደብረ መዊእ ሄደው ሌላ ባል አገቡ። የመኳንንት ወገን የሆነች መበለት ዘመድ አላት፣ ርስት አላት፤ ስለዚህ ልጆቹ አልተራቡም። ጣይቱም ለሴት ልጅ እምብዛም በማይፈቀድበት በዚያ ዘመን ንባብና ጽሕፈት ተማሩ፤ ግእዝ ዐወቁ፤ በገና ደረደሩ። ቢሆንም አባት የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል ከልጅነታቸው ያዩ ሰው ነበሩ።

በዚያው ቤተ ሰብ ከዚህ የባሰ ነገር ደረሰ። የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የጣይቱ የአጎት ልጅ ጥሩወርቅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሲሞቱ፣ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው በባዕድ ጦር መካከል ብቻቸውን ቀሩ። በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። ሕፃኑ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በዚያው ሞተ። እንግዲህ ንግሥት ብትሆንም እንኳ ባሏ የወደቀባት እናት የምትደገፍበት ክንድ ካላገኘች ልጇን ለማቆየት እንደማትችል የሰሜን ቤተ ሰብ ከራሱ ታሪክ ያውቅ ነበር።

ጣይቱ ከበርካታ ጋብቻ በኋላ በ1875 ዓ.ም. የሸዋን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ፤ ከእርሳቸውም ልጅ አልወለዱም። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ያዘጋጁት ግብር እስከ ዛሬ ይወራል። ለዚያ ግብር የታረደው ከብት ከአምስት ሺህ በላይ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ያልጠረጠረው ነገር ቢኖር፣ ጥቂት ቆይቶ በመላው አገር ለእርሻ የሚጠመድ በሬ እንኳ መታጣቱን ነው።

የከብቱ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከምጽዋ በኩል ገባ፤ ለኢጣልያ ጦር ከሕንድ ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ መጣ ይነገራል። ከዐሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ። ዝናብ ታጣ፤ አንበጣና ተምች፣ አይጥም ተነሣ። የሕዝቡ ሲሶ እንዳለቀ የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው። በሰሜን ደግሞ ሌላ መከራ ተጨመረበት። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስት ጦር ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ።

ይህ ሁሉ በአንዲት የወገራ መበለት ቤት ምን ማለት እንደ ነበረ ልናስበው ይገባናል። በአገራችን ልማድ ሴት ሞፈር አትይዝም። ባል የሌላት ሴት መሬት ቢኖራትም፣ በሬና ጉልበት ያለው ሰው በእኩል ያርስላትና ምርቱን ይካፈላታል። በሬው በሞተ ጊዜ ባለ በሬው ደኸየ፤ እርሷ ግን ከመሬቷ ጋር ያገናኛት ብቸኛ ገመድ ተበጠሰ። ሁለተኛው መጠጊያዋ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በተዝካርና በሰንበቴ፣ በደጀ ሰላሙ በሚቈረሰው ዳቦ ከነልጆቿ ትቀምስ ነበር። የጎንደር አድባራት ሲቃጠሉና ተዝካር የሚያወጣ ሲጠፋ ይህም ደጅ ተዘጋ። ከመበለቶች ሁሉ የከፋ ዕጣ የነበራት ደግሞ፣ ባሏ ከዘመቻ ያልተመለሰላት፣ መሞቱም ያልተነገራት ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ መበለት ተብላ አታለቅስ፣ ባለ ባል ተብላ አትጠበቅ።

ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ረኃቡ በመካከሉ ላይ ነበር። በእንጦጦ ለተራቡት ዳስ ተጥሎ ከቤተ መንግሥቱ ጎተራ እህል ይሰጥ ጀመር። የግቢው ማድ ቤት በሙሉ በእቴጌይቱ ትእዛዝ የሚሠራ ስለ ነበር፣ ለድኃ የወጣው እንጀራ ከእጃቸው የወጣ ነው ብንል አንሳሳትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝባቸው ከብት ባጣበት ጊዜ የበሬ ሥጋ አንበላም ብለው ለዓመታት ተዉት። ከዚህም አልፈው ዶማ ይዘው መሬት ቈፈሩ፤ መኳንንቱም ተከተሉ።

ይህ የዶማው ነገር በትምህርት ቤት እንደ ቀላል ታሪክ ይነገራል። እኔ ግን ከእህሉ ይልቅ ይህን አከብራለሁ። እህሉ ለአንድ ሰሞን ነው። ያለ በሬ መሬት መቈፈር እንደ ውርደት በሚቈጠርበት አገር ንጉሥ ራሱ ሲቈፍር ግን፣ በሬ የሌላት እናት ከጓሮዋ ዶማ ይዛ ስትወጣ ማንም ሊያፍርባት አይችልም።

ሆኖም የእንጦጦው ዳስ የደረሰው ለደረሱበት ብቻ ነው። ከወገራ እስከ እንጦጦ የሳምንታት የእግር መንገድ ነው። ጎልማሳ ወንድ በርትቶ ሊሄድ ይችላል። ሕፃን በጀርባዋ፣ ሌላ በእጇ የያዘች እናት ግን ተከዜን ወይም ዓባይን ተሻግራ እንዴት ትድረስ? የእቴጌይቱ የአባት አገር የተራበው የእቴጌይቱ ማድ ቤት ጢስ በማይታይበት ስፍራ ነበር። ይህን የምንለው እርሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ የጊዜው መንገድና አገዛዝ ከዚያ በላይ አያደርስም ነበርና። ነገር ግን በረኃቡ ዘመን ነቢዩ ኤልያስ ወደ ሰራፕታዋ መበለት ደጅ ተላከ እንጂ እርሷ ወደ ሩቅ ከተማ እንድትወጣ አልታዘዘችም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደዚሁ አካባቢ በዘለቀ ጊዜ፣ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለው እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ብቻቸውን ቀርተዋል። የተፈናቀሉትም ዳባትና ደባርቅ ገብተው ያገር ሰው ካለው አካፍሏቸዋል። ከቤቷ ያልወጣችውን፣ በገደሉ አፋፍ ባለች ጎጆ ተቀምጣ የምትጠብቀውን ሴት ማን ደርሶላታል የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም እንደ ክፉው ቀን ያለ ነው።

ረኃቡ በ1884 ዓ.ም. ገደማ ጋብ አለ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ ዐድዋ ላይ ነበሩ። በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች በእንስራ ውኃ ተሸክመው ለተዋጊና ለቍስለኛ እንዲያጠጡ አደረጉ። ከእነዚያ ሴቶች ስንቶቹ በክፉ ቀን ልጅ ቀብረው፣ ስንቶቹስ በዚያች ዕለት ባል አጥተው እንደ ተመለሱ የጻፈ የለም።

እቴጌይቱ ያለ ነቀፋ አልኖሩም። የሰሜንና የየጁ ዘመዶቻቸውን ለሹመት ያቀርባሉ ተብለው ተከሰዋል፤ ክሱም መሠረት የሌለው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው አልጋ ላይ ሳሉ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ የቀድሞዋ እቴጌ ራሳቸው መበለት ሆኑ፤ የሚያጽናናቸው የአብራካቸው ልጅም አልነበራቸውም። ወደ እንጦጦ ማርያም ተወስደው፣ ያን ታላቅ ግብር ባበሉበት፣ ለተራቡትም ዳስ በተጣለበት ተራራ ላይ ተቀመጡ።

በኅዳር 1910 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሄደው የቀረ ዕድሜያቸውን በዚያ እንዲፈጽሙ ለንግሥት ዘውዲቱ አመለከቱ። ከጎንደር እስከ አባታቸው አገር ጥቂት ቀን መንገድ ነበር። ፈቃዱ ግን አልተሰጣቸውም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ በዚያው በእንጦጦ ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከባለቤታቸው አጠገብ ይገኛል።