ከመዝገብ የተፋቀ ስም፤ የሲግፍሪድ ማርኩስ ሕይወትና አውቶሞቢሉ

መዝገበ ዕውቀት ወይም ኢንሳይክሎፔዲያ የሚባለው መጽሐፍ ሰው ሁሉ ያለ ክርክር የሚያምነው መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ደራሲው የፈጠረው ታሪክ መሆኑን ያውቃል፤ ጋዜጣ የሚያነብም ቢሆን አንዱን ወሬ ከሌላው ጋር ያመዛዝናል። መዝገበ ዕውቀት የገለጠ ተማሪ ግን ያገኘውን ስምና ዓመት በደብተሩ ገልብጦ መጽሐፉን ይከድናል። ስለዚህ የአንድን ሰው ሙሉ ሕይወት በሃያ ወይም በሠላሳ መስመር ጠቅልሎ በዚህ መጽሐፍ የሚያገባ ጸሐፊ፣ ይህ ይግባ፣ ያ ይቅር ብሎ በሚወስንበት ጊዜ ሥራው ከዳኛ ሥራ የሚያንስ አይደለም። እንዲያውም ይከብዳል። ዳኛ ቢሳሳት ይግባኝ አለ፤ የሞተ ሰው ግን ተነሥቶ ይግባኝ ሊል አይችልም።

ለዚህ ነገር ከአውቶሞቢል አባቶች እንደ አንዱ የሚቈጠረው የሲግፍሪድ ማርኩስ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። የዚህ ሰው ስም አንድ ጊዜ በመንግሥት ትእዛዝ ከመዝገበ ዕውቀት እንዲፋቅ ተደረገ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወዳጆቹ ከሠራው በላይ ጻፉለት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ማርኩስ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1831 ዓ.ም. በሰሜን ጀርመን በመክሌንቡርግ አገር ማልሂን በምትባል አነስተኛ ከተማ ከአይሁድ ወገን ከሆነ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ከመካኒክ ዘንድ ገብቶ ብረት መሞረድና መሣሪያ መገጣጠም ተማረ። ከዚያም ወደ በርሊን ሄዶ በ1847 ዓ.ም. በተቋቋመው በሲመንስና ሃልስከ የቴሌግራፍ ድርጅት ሠራ። ኤሌክትሪክ ገና አዲስ ነገር በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ድርጅት ለአንድ ወጣት ሠራተኛ ከብዙ ትምህርት ቤቶች የበለጠ ትምህርት ቤት ነበር።

በ1852 ዓ.ም. ወደ ቪየና ተሻገረ። ቪየና በዚያ ጊዜ የሰፊው የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ የእጅ ጥበብ ያለው ሰው ከየአገሩ ይጐርፍባት ነበር። ማርኩስም በመጀመሪያ በሕክምና ትምህርት ቤት ለሚመራመሩ ሊቃውንት የመመርመሪያ መሣሪያ እየሠራ ቈየ፤ በ1860 ዓ.ም. ግን ማርያሂልፈር በተባለው ታላቅ መንገድ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። የቀረው ዕድሜው ሁሉ ያለፈው በዚህች ከተማ ነው።

ይህ ሰው በአንድ ነገር ላይ የሚረጋ አልነበረም። የቴሌግራፍ መሣሪያ አሻሻለ፤ ፈንጂን ከሩቅ ሆኖ በኤሌክትሪክ የሚያቀጣጥል መሣሪያ ሠራ፤ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያም አበጀ። በልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ በላይ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀት፣ ማለትም ፓተንት ተቀብሏል። ነገር ግን አንዱን ሠርቶ ሳይጠግብ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር እንጂ ፋብሪካ ተክሎ፣ ገበያ ፈልጎ ከአንዱ ሀብት ለማፍራት አልተጋም። ይህ ጠባዩ በኋላ በስሙ ላይ ለደረሰው ነገር ሁሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ወደ አውቶሞቢሉ እንመለስ። ከማርኩስ በፊትም ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ አልጠፋም፤ የሚንቀሳቀሰው ግን በእንፋሎት ነበር። እንፋሎት ደግሞ እሳት፣ ከሰልና ውሃ የሚፈላበት ከባድ ጋን ይሻል። ማርኩስ ያሰበው ሌላ ነው። ከድንጋይ ዘይት የሚገኘውን እንደ ቤንዚን ያለ ቀላል ፈሳሽ በትንሽ ዕቃ ተሸክሞ፣ ፈሳሹን በሞተሩ ውስጥ እያፈነዱ፣ በፍንዳታው ኃይል መንኰራኵር ማዞር ይቻል እንደ ሆነ መረመረ።

የመጀመሪያ ሙከራው በ1870 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው። ይህ ነገር መኪና ከመባል ይልቅ ሞተር የተጫነበት የእጅ ጋሪ ቢባል ይሻላል። ሞተሩ በቀጥታ ከኋላ መንኰራኵሮች ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ዛሬ ጋራዦቻችን ፍሪሲዮን የሚሉት፣ ሞተሩን ከመንኰራኵሩ አላቆ የሚያገናኘው ክፍል የለውም። ስለዚህ ለማስነሣት የኋላውን ክፍል ከመሬት ማንሣት፣ መንኰራኵሮቹን ማዞር፣ ሞተሩ ሲነሣም መልሶ መሬት ማስያዝ ያስፈልግ ነበር። ጋሪው ራሱ ዛሬ የለም፤ ፎቶግራፉ ግን ቀርቷል። በዚህ ጋሪ ላይ ማንም ሰው ርቆ ለመሄድ ባይችልም፣ ፈሳሽ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ጋሪ ይዞ ሲንቀሳቀስ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መኪና እውነተኛ አውቶሞቢል ነው። አራት መንኰራኵር፣ የእንጨት አካል፣ መቀመጫ፣ መሪና ፍሬን አለው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ነው፤ ጉልበቱ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም፤ ፍጥነቱም ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ብዙ አይበልጥም። የሚያስደንቀው ግን ሁለት ነገር አለበት። አንደኛው ካርቡራተሩ ነው፤ በቤንዚን ውስጥ የሚሽከረከር ብሩሽ ፈሳሹን እንደ ካፊያ እየረጨ ከአየር ጋር ያዋሕደዋል። ሁለተኛው ማቀጣጠያው ነው፤ ማርኩስ በ1883 ዓ.ም. ፓተንት ባገኘበት ዓይነት ማኜቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየሰጠ ያንን ድብልቅ ያፈነዳዋል። በዚያን ጊዜ ሌሎቹ ሠሪዎች በጋለ ቱቦ ወይም በባትሪ ሲቸገሩ እርሱ ብልጭታውን ከሞተሩ ከራሱ መዞር አወጣው። ይህ መኪና ዛሬም በቪየና የቴክኒክ ሙዚየም ይታያል።

ማርኩስ መኪናውን ለገበያ አላቀረበም። ካርል ቤንዝ በጃንዋሪ 29 ቀን 1886 ዓ.ም. ለባለ ሦስት መንኰራኵር መኪናው ፓተንት ጠየቀ፤ ሚስቱ በርታ ቤንዝ በኦገስት 1888 ዓ.ም. ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ነዳችው፤ ጎትሊብ ዳይምለርም በ1886 ዓ.ም. ሞተሩን በሠረገላ ላይ ገጠመ። እነዚህ ሰዎች ፋብሪካ አቋቁመው መኪና ለዓለም ሲሸጡ ማርኩስ በሥራ ቤቱ ሌላ ነገር ያበጅ ነበር። በጁላይ 1 ቀን 1898 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ በቪየና ሞተ።

የቪየና ሰዎች ግን አልረሱትም። በ1932 ዓ.ም. በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ሐውልት አቆሙለት። ሐውልቱ ስድስት ዓመት ብቻ ቆመ። በማርች 1938 ዓ.ም. የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ሲይዝ አይሁዳዊ የተወለደ ሰው የአውቶሞቢል ፈጣሪ መባሉ ለናዚዎች የማይዋጥላቸው ነገር ሆነና ሐውልቱ እንዲነሣ ተደረገ። መኪናው ግን በሙዚየሙ ውስጥ ተሰውሮ ከጥፋት እንደ ተረፈ ይነገራል።

ሐውልት ማንሣት አልበቃቸውም። በጁላይ 4 ቀን 1940 ዓ.ም. የናዚ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ለዳይምለር ቤንዝ ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ ማየርና ብሮክሃውስ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የጀርመን መዝገበ ዕውቀቶች ከዚያ በኋላ የዘመናዊ አውቶሞቢል ፈጣሪዎች ዳይምለርና ቤንዝ ናቸው ብለው እንዲጽፉ፣ ማርኩስን ግን እንዳይጠቅሱ አዘጋጆቹ መታዘዛቸውን የሚያስታውቅ ነበር። ይህን ያዘዘው ቢሮ አንድም ሞተር ፈትቶ አልመረመረም፤ የመረመረው የሰውየውን ዘር ነው።

በአገራችን በጥንት ብራናዎች ላይ የመጽሐፉ ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ የምናይበት ጊዜ አለ። ብራናውን ወደ ብርሃን ያቀረበ ሰው ግን የተፋቀው ስፍራ ሳስቶ ያየዋል። የማርኩስም ስም እንዲሁ ሆነ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ሐውልቱ እንደገና ቆመ፤ በ1950 ዓ.ም. አሮጌው መኪና ተጠግኖ በቪየና መንገድ ላይ በገዛ ሞተሩ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚያሰኝ ፍጻሜ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሌላ ነገር ነበረበት። ማርኩስ ከሞተ ወዲህ ሁለተኛው መኪና የተሠራው በ1875 ዓ.ም. ነው እየተባለ ይጻፍ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ማርኩስ ቤንዝን በአሥር ዓመት ያህል ይቀድመዋል። ከናዚዎች ግፍ በኋላ ደግሞ ይህን ዓመት መጠራጠር የግፈኞቹን ሥራ መደገፍ ስለሚመስል ደፍሮ የሚመረምረው ጥቂት ነበር። ሆኖም የሞተሩ አሠራር ራሱ ጥያቄ ያስነሣል፤ ባለ አራት ምት ሞተርን ኒኮላውስ ኦቶ ሠርቶ ያሳየው በ1876 ዓ.ም. ነውና። በመጨረሻ በ1960ዎቹ ዓመታት የታሪክ መርማሪዎች ሰነዶቹን አገላብጠው፣ መኪናው በሞራቪያ አገር በአዳምስታል በሚገኝ ፋብሪካ የተሠራው በ1888 እና በ1889 ዓ.ም. መካከል መሆኑን አረጋገጡ። ስለዚህ ሁለተኛው መኪና ከቤንዝ መኪና በኋላ የመጣ ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው በመዝገበ ዕውቀት ሠላሳ መስመር ጻፍ የተባለ ሰው ምን ያስገባ? በኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ የሥራዎቹን ዓመት ሰነድ እንደሚያሳየው ይጻፍ፤ የ1870ውን ጋሪ ጋሪ፣ የ1888ቱን መኪና መኪና ይበለው። ማኜቶውንና ካርቡራተሩን አይዝለል፤ እነዚህ በማንም ዘንድ የማይካዱ የእጁ ሥራዎች ናቸውና። መኪናውን ለገበያ አለማውጣቱንም ይጻፍ፤ ቤንዝና ዳይምለር የዓለምን መንገድ የለወጡት ሠርተው በመሸጣቸው ጭምር ስለ ሆነ እነርሱንም መበደል አይገባም። የመጀመሪያው የሚለውን ቃል ግን በቊጠባ ይጠቀምበት። አውቶሞቢልን አንድ ሰው በአንድ ቀን አልፈጠረውም፤ የማይገባ የመጀመሪያነት ለአንዱ በተሰጠ ቊጥር ከሌላው የተነጠቀ ነው።

አይሁዳዊ መሆኑስ ይግባ ወይ? ሞተር የሠሪውን ዘር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ስለ መኪናው በሚተርከው መስመር ላይ ስፍራ የለውም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኛ ግን መግባት አለበት እንላለን። ሐውልቱ ለምን እንደ ተነሣ፣ ስሙም ከመጻሕፍት ለምን እንዲወጣ እንደ ታዘዘ ያለዚህ አንድ ቃል ሊገባን አይችልም። ናዚዎች ይህን ነገር የቈጠሩት ክብሩን ለመንሣት ነበር፤ ዛሬ የሚጻፈው የተሠራበትን ግፍ ለማስረዳት ነው። የ1940ው ትእዛዝም በዚያው በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይግባ፤ ሰውየው ከሞተ ከ42 ዓመት በኋላ የሆነ ቢሆንም፣ መዝገበ ዕውቀት የገዛ ስሕተቱን ካልመዘገበ ማን ይመዘግብለታል?

ለተበደለ ሰው ማዘን መልካም ነው፤ ነገር ግን ለተበደለ ሰው የሚከፈለው ካሳ ሐሰት ሊሆን አይገባም። ሐሰት የሆነ ክብር ጠላት መጥቶ እስኪያፈርሰው ድረስ ብቻ ይቆማል፤ በፈረሰ ጊዜም እውነተኛውን ክብር አብሮ ይጎትተዋል። ሲግፍሪድ ማርኩስ አሥራ ሦስት ዓመት ብድር አያሻውም። ማንም ያልታመነበትን ነገር በሥራ ቤቱ ሞክሮ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ጋሪውን ወደፊት ያስኬደ ሰው ነው። ይህን ብቻ በትክክለኛው ዓመት ቢጽፉለት ይበቃዋል።