ሜሊታ ቤንትዝ፦ የቡናውን አተላ በወረቀት ያስቀሩት እናት

በቨርጂንያ ግዛት፣ በፌርፋክስ ካውንቲ በምትገኘው በርክ የሥራ ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። በበርክ ሴንተር ጣቢያ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደውን ባቡር ለሚሳፈረውም፣ መኪናውን ወደ አሌክሳንድርያ ወይም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚያዞረውም ጊዜው ጠባብ ነው። በዚህ ሰዓት በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ጀበናው ከመደርደሪያው አይወርድም። ሥራ ላይ ያለው፣ ብዙዎች ኮፊ ሜከር የሚሉት የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ማታ ውሃና የተፈጨ ቡና ይጨመርበታል፤ ጠዋት ቁልፉ ይነካል፤ ልብስ ተለብሶ እስኪያልቅ ቡናው እየተንጠባጠበ የመስታወቱን ማንቆርቆሪያ ይሞላል።

እኔም ከእንዲህ ያለ ማሽን ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከአዲስ አበባ የተላከልኝን፣ ለጀበና ተብሎ የደቀቀ ቡና ብጨምርበት ወረቀቱ ተደፈነና ውሃው ሞልቶ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀው። ለማሽን የሚሆነው ቡና ሸካራ ሆኖ መፈጨት እንዳለበት የተማርኩት ያን ቀን ነው። እኔ ጠባዩን ብለምደውም ቤት የሚመጡ እናቶች ግን ዛሬም አልለመዱትም። ፊታቸው ሳይቆላ፣ ጭሱ ሳይዞርላቸውና ሳይሰክን የቀረበ ቡና ለእነርሱ ቡና አይደለም። ማሽኑን የወግና የጨዋታ ጠላት አድርገው ያዩታል።

የማሽኑን ታሪክ ወደ ኋላ የተከተለ ሰው ግን የሚደርሰው ከአንድ የወጥ ቤት ደጃፍ ነው። በዚያ ቤት የቡና አተላ ያስቸገራቸው አንዲት እናት ነበሩ። እርሳቸውም ዛሬ በመላው ዓለም በቡና ማጣሪያ ወረቀት ስማቸው የሚታወቀው ጀርመናዊቷ ወይዘሮ ሜሊታ ቤንትዝ ናቸው።

የድሬስደኗ እመቤት

በልጅነት ስማቸው አማሊ አውጉስተ ሜሊታ ሊብሸር የተባሉት እኚህ ሴት የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 31 ቀን 1873 በጀርመን፣ በድሬስደን ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው በመጻሕፍት ንግድ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ሜሊታ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ሁጎ ቤንትዝን አግብተው ቪሊና ሆርስት የተባሉ ወንዶች ልጆችን፣ ኋላም ኸርታ የተባለች ሴት ልጅን ወለዱ። እስከ 35 ዓመታቸው ድረስ ኑሯቸው ከሌሎቹ የከተማዋ የቤት እመቤቶች ኑሮ የሚለይበት ነገር አልነበረም።

በዚያ ዘመን በጀርመን ቤቶች ቡና የሚዘጋጀው በአብዛኛው የተፈጨው ቡና ላይ የፈላ ውሃ በማፍሰስ ወይም ከውሃው ጋር አብሮ በማፍላት ነበር። ጥቂት ተጠብቆ ይቀዳል፤ አተላው ግን ከሲኒው ታች ይተኛል፤ የመጨረሻውም ጉንጭ አፍ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ቡናው ከአተላው ጋር ብዙ ሲቆይም ምሬቱ ይበረታል። የጨርቅ ማጣሪያ የሚጠቀሙ ነበሩ፤ ሆኖም ጨርቁ ለማጠብ ያስቸግራል፤ የትናንቱን ሽታም ለዛሬው ቡና ያወርሳል። ቀዳዳ ባለው ብረት ቡናን የማንጠባጠብ ዘዴ በፈረንሳይ ከ100 ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ቀዳዳው የላመውን ቡና አያግደውም ነበር።

ይህ ችግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሀገራችን እናቶችም መፍትሔ ያበጁለት ከጥንት ነው። ጀበናው ፈልቶ ከእሳት ይወርድና ጋደል ብሎ ይቀመጣል፤ አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል፤ በአፉም ውትፍ ይደረጋል፤ ቀጂዋም እጇ ሳይናወጥ በቀጭኑ ታወርደዋለች። ጀበና አተላን የሚያስቀረው በትዕግሥትና በእጅ ልምድ ነው። ወይዘሮ ሜሊታ ያንኑ ሥራ ለሌላ ነገር ሰጡት።

ምስማር፣ መዶሻና የተማሪ ደብተር

ጊዜው 1908 ነው። ወይዘሮ ሜሊታ ከናስ የተሠራ ትንሽ ድስት አንሥተው ቂጡን በምስማርና በመዶሻ በሳሱት። ከዚያም ከትልቁ ልጃቸው ከቪሊ የትምህርት ቤት ደብተር ውስጥ ቀለም መምጠጫውን ወረቀት ወሰዱ። ይህ ወረቀት በብዕርና በቀለም በሚጻፍበት በዚያ ዘመን ተማሪው እርጥቡን ጽሕፈት የሚያደርቅበት ነበር። በድስቱ ውስጥ አነጠፉትና የተፈጨ ቡና ጨምረው የፈላ ውሃ አፈሰሱበት። ከሥር የወረደው ቡና አተላ የሌለበት፣ ምሬቱም የቀለለ ሆነ። አተላው ከነወረቀቱ ተጠቅልሎ ተጣለ፤ የሚታጠብ ነገርም አልቀረም።

የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል ነው። የወረቀቱ ጭረቶች እርስ በርስ የተጠላለፉ በመሆናቸው ውሃውን በራሱ ክብደት ያሳልፋሉ፤ ደቃቁን ቡና ግን ይይዛሉ። ወረቀቱ የቡናውን ዘይትም በከፊል ያስቀራል። ይህ ለጤና ያለው ትርጉም የታወቀው ግን ከወይዘሮ ሜሊታ ሞት በኋላ ነው። በቡና ዘይት ውስጥ የሚገኘው ካፌስቶል የተባለው ንጥረ ነገር የደም ኮሌስትሮልን ከፍ እንደሚያደርግና ወረቀት አብዛኛውን እንደሚይዘው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እርሳቸው በዘመናቸው የፈለጉት ጥርት ያለ ሲኒ ብቻ ነበር።

አዲስ ነገር የፈጠሩ ብዙ የቤት እመቤቶች ከጎረቤት ምስጋና አያልፉም። ወይዘሮ ሜሊታ ግን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በርሊን የሚገኘው የጀርመን የፓተንት መሥሪያ ቤት ማጣሪያቸውን በስማቸው መዘገበላቸው። በታኅሣሥ ወር ደግሞ በስማቸው የተጠራ ድርጅት በድሬስደን የንግድ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የተመዘገበው መነሻ ገንዘብ አንድ ማርክ እንኳን አይሞላም ነበር። ድፍረታቸውን ለመመዘን፣ የጀርመን ሴቶች በሀገራዊ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት ከዚያ 10 ዓመት ዘግይቶ፣ በ1918 መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ከመኖሪያ ቤት ወደ ፋብሪካ

የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥፍራ የመኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል፣ የመጀመሪያ ሠራተኞቹም ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ነበሩ። ሁጎ ሥራቸውን ትተው ሽያጩን ያዙ፤ ልጆቹም ካርቶኑን በእጅ ጋሪ እየገፉ ለደንበኛ ያደርሱ ነበር። በ1909 በላይፕሲክ የንግድ ትርኢት ከ1200 በላይ ማጣሪያዎች ተሸጡ። አንድ ቤተሰብ በሳሎኑ ለጀመረው ሥራ ይህ ታላቅ ዕርምጃ ነበር።

በ1914 የፈነዳው አንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ሁሉንም ለአደጋ አጋለጠው። ሁጎ ለውትድርና ተጠሩ። ብረቱም ወረቀቱም ለጦርነቱ ተፈለገ። ከሁሉ የከፋው፣ ብሪታንያ የጀርመንን የባሕር በር በመዝጋቷ ቡና ራሱ ወደ ሀገሪቱ መግባት ማቆሙ ነበር። ቡና በሌለበት የቡና ማጣሪያ ምን ይሠራል? ወይዘሮ ሜሊታ ካርቶን እየሸጡ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ የድርጅቱንም ስም ሳያጠፉ ክፉውን ቀን አሳለፉ።

ከጦርነቱ በኋላ ቡናው ሲመለስ ገበያውም ተመለሰ። አስመሳዮች ሲበዙም ድርጅቱ ከ1925 ጀምሮ ወረቀቱን ዛሬም በሚታወቅበት ቀይና አረንጓዴ መጠቅለያ ማቅረብ ያዘ። በ1928 ወደ 80 የሚጠጉ ሠራተኞች በፈረቃ ይሠሩ ነበር፤ ያም ሆኖ ፍላጎቱን ማርካት አልተቻለም። ድሬስደን የሚበቃ ቦታ ባለመገኘቱ ድርጅቱ በ1929 ወደ ምዕራብ ተጉዞ በሚንደን ከተማ ተተከለ። ማጣሪያው ዛሬ የምናውቀውን ወደ ታች የሚሾል ቅርጽ የያዘው በ1930ዎቹ ነው።

የተረፈው ጊዜ የማን ነው?

ወይዘሮ ሜሊታ በ1932 የድርጅቱን አብላጫ ድርሻ ለልጆቻቸው ለቪሊና ለሆርስት አስተላለፉ። እርሳቸው ግን ከሠራተኞቹ ጉዳይ አልራቁም። ለገና በዓል ጉርሻ እንዲከፈል፣ የዓመት ዕረፍት ከ6 ወደ 15 ቀን ከፍ እንዲል፣ የሥራ ሳምንትም አምስት ቀን እንዲሆን አደረጉ። በ1938 ደግሞ ለሠራተኞች የመረዳጃ ፈንድ ተቋቋመ። የሰውን የማለዳ ጥበቃ በደቂቃዎች ያሳጠሩት ሴት፣ በፋብሪካቸው ላሉት ሰዎች ደግሞ ቀናትን መለሱላቸው ማለት ይቻላል።

የድርጅቱ ታሪክ ግን ጥላም አለበት። በልጃቸው በሆርስት ይመራ የነበረው ፋብሪካ በናዚ አገዛዝ ዘመን የሥርዓቱ አርአያ ድርጅት ተብሎ ተሰይሞ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የማጣሪያው ሥራ ቆሞ ለጦርነቱ የሚውሉ ዕቃዎች ተመረቱበት። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ በግዳጅ ሥራ ለተበደሉ ሰዎች ካሳ በተቋቋመው ፈንድ ገንዘብ አዋጥቷል። የመሥራቿን በጎ ሥራ የሚያነሣ ሁሉ ይህንንም አብሮ ማንሣት ይገባዋል።

ጦርነቱ ሲያበቃ የሚንደኑ ዋና ፋብሪካ ከቦምብ ቢተርፍም አሸናፊዎቹ ኃይሎች ለአስተዳደር ሥራቸው ያዙት። ማጣሪያውና ወረቀቱ እንደገና የተመረተው በ1948 ነው። ወይዘሮ ሜሊታ ይህን ለማየት በቅተው ሰኔ 29 ቀን 1950 በሚንደን አቅራቢያ፣ በ77 ዓመታቸው አረፉ። ድርጅቱ ዛሬም በዘሮቻቸው እጅ ነው።

ከድሬስደን እስከ በርክ

ወይዘሮ ሜሊታ የኤሌክትሪኩን ማሽን አላዩትም። ከሞቱ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ጎትሎብ ቪድማን የተባሉ ሌላ ጀርመናዊ ቪጎማት የተሰኘውን የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ማንጠባጠቢያ አስመዘገቡ። አሜሪካውያን ግን ቡናውን ደጋግሞ እያፈላ የሚያዞረውን ፐርኮሌተር አልተዉም ነበር። ልማዳቸውን የለወጠው በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ቪንሰንት ማሮታና ሳሙኤል ግሌዘር በ1972 ለገበያ ያቀረቡት ሚስተር ኮፊ ነው። ዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች ጆ ዲማጂዮ በቴሌቪዥን ያስተዋወቀው ይህ ማሽን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን ቤቶች ገባ። በአሠርቱ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጡት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በአሜሪካውያን ወጥ ቤት ያገኙት ይህንኑ ዘዴ ነው።

ማሽኑ በውስጡ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ኋላ በማይመልስ መክፈቻ አልፎ፣ ከማሞቂያው ሳህን ሥር በተጠመዘዘ ቱቦ ውስጥ ይግላል፤ የእንፋሎቱ አረፋም ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ በቡናው ላይ ያፈስሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሠራው የወይዘሮ ሜሊታ ወረቀት ነው። ዓመታት ሲቆጠሩ ውሃው የሚተወው ነጭ ቅርፊት ቱቦውን ያጠብበዋል። ማሽኑ ያን ጊዜ ያጓራል፤ ቡናውም ይዘገያል። መድኃኒቱ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ማሳለፍ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ቡናውንም በማሞቂያው ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አለማቆየት ይበጃል፤ መራራና የከሰለ ጣዕም ያመጣል።

ስድስት ዓመት ያገለገለኝ ማሽን ዛሬም በየማለዳው ይሠራል። ጊዜዬን ያተርፍልኛል፤ ቡናዬንም ያጠራልኛል። ጎረቤት ግን አይጠራልኝም፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚያስቀምጥ ጨዋታም አያመጣልኝም። ይህንንም ከእርሱ መጠበቅ አይገባኝም። የድሬስደኗ እመቤት ሕይወት የሚያስተምረኝ ነገር ቢኖር፣ የተረፈው ደቂቃ ለሰው ካልተመለሰ ትርፉ ባዶ መሆኑን ነው። ስለዚህ እሑድ በበርክ ማሽኑ ያርፋል። ጀበናው ከመደርደሪያው ይወርዳል፤ ቡናው እፊት ይቆላል፤ ጭሱም ይዞራል። እናቶቹም እስኪሰክን ድረስ፣ ሰዓት ሳያዩ፣ ያወራሉ።