ምዕራብ ያልደረሰው ሐዲድ፦ የአልፍሬድ ኢልግ ሕይወት ከወለጋ ሲታይ

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ታሪክ ዘወትር የሚተረከው ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ በሚያበቃው መስመር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የመስመሩን ዋና ጠንሳሽ የአልፍሬድ ኢልግን ሕይወት ከነቀምትና ከወለጋ ከተሞች አንጻር ይመለከታል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢልግ በ1854 በስዊዘርላንድ ፍራወንፌልድ ከተማ ተወልዶ በዙሪክ ምሕንድስና ተማረ። በ1879 አንኮበር ደርሶ በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ አገልግሎት ገባ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ለቤተ መንግሥቱም የቧንቧ ውኃ አስገባ። በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ፤ በ1907 ሹመቱን ለቀቀ።

የሕይወቱ ትልቁ ውጥን ግን ባቡር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለ99 ዓመት የሰጡት ፈቃድ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። በዚያ ዘመን ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ (ገብረ እግዚአብሔር) ከሚያስተዳድሩት ከነቀምት ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በአጋሰስ እየተጫነ ይወጣ ነበር። ባቡሩን ወደዚህ ሀብት የሚያቀርበው ሦስተኛው ክፍል ብቻ ነበር።

ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ በ1902 ድሬዳዋ ላይ ቆመ። የገንዘብ እጥረትና የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ፉክክር ኩባንያውን አዳከሙት። በሌላ ኩባንያ የቀጠለው መስመር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን፣ ኢልግ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጥር 1916 በዙሪክ አርፎ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ከወረቀት አላለፈም።

ኢልግ አማካሪ በነበረበት በ1902 የተፈረመው የእንግሊዝ ውል ደግሞ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ይደርሱ ጀመር፤ የደምቢ ዶሎና የጎሬ ቡናም በዚያ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። ለምዕራብ ወለጋ የእንፋሎት ኃይል የቀረበው በሐዲድ ሳይሆን በውኃ ነው፤ ያውም በዓመት ለጥቂት ወራት። ነቀምት ግን ከሁለቱም ርቃ በበቅሎና በአህያ ጭነት ቀጠለች።

ኢልግን በተጠናቀቀው መስመር ብቻ መመዘን ውጥኑን ማሳነስ ነው። የ1894ቱ ፈቃድ ምዕራቡን ከመነሻው አልዘነጋም። ስለዚህ ተመራማሪው ሊጠይቅ የሚገባው ባቡሩ ለምን ወደ ወለጋ አልታሰበም ብሎ ሳይሆን፣ ታስቦ ሳለ ለምን ቀረ ብሎ ነው።