የገደል ማሚቶን ከቴፕ ክር ያወጣው ሰው

ሙያው ሬዲዮ ጠጋኝነት ነበር። ዓለም ኪንግ ተቢ ብሎ የሚያውቀው ኦዝቦርን ራዶክ እ.ኤ.አ. በ1941 በጃማይካዋ ኪንግስተን ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የከተማዋ ድሃ የሚጨፍረው አደባባይ ላይ በሚተከል ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ነውና፣ ማጉያ በተቃጠለ ቁጥር ተቢ ይፈለጋል። ኋላም ሆምታውን ሃይፋይ የተባለውን የራሱን ማጉያ አቆመ።

ዱክ ሪድ ለተባለው አሳታሚ ሸክላ ይቀርጽ በነበረበት ጊዜ የዘፋኙን ድምፅ አውጥቶ ከበሮና ቤዝ ብቻ ማስቀረትን ለመደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋተርሃውስ በሚባለው የድሆች ሰፈር አነስተኛ ስቱዲዮ ከፈተ። የድምፅ ማቀላቀያው ባለ አራት መስመር ነበር፤ እሱንም ያገለገለ ነው የገዛው። ባንድ የሚያስቀምጥበት ክፍል ስላልነበረው ሌሎች ሌላ ቦታ የቀዱትን ክር ይዘውለት ይመጣሉ። ኦገስተስ ፓብሎን የመሳሰሉ፣ ከእኛው ንጉሠ ነገሥት ስም ሃይማኖታቸውን የሰየሙ ራስታዎችም ደንበኞቹ ነበሩ።

ዋናው ጥበቡ ግን አሮጌው ቴፕ ላይ ነው። የክሩን ጫፍና ጫፍ አጋጥሞ ቀለበት አደረገው። አንደኛው ራስ ይቀዳል፣ ቀጥሎ ያለው ያሰማል። ክሩ በሴኮንድ 19 ሳንቲሜትር ቢሄድና በራሶቹ መካከል 3.8 ሳንቲሜትር ቢኖር፣ ድምፁ በሴኮንድ አንድ አምስተኛ ዘግይቶ ይመለሳል። የተመለሰውን መልሰው ካስቀዱት ደግሞ እየደበዘዘ ይደጋገማል፤ የገደል ማሚቶ ማለት ይኸው ነው። ሌላው ለማሳመሪያ ጣል የሚያደርገውን፣ ተቢ እንደ ክራር ተጫወተበት። አንዲት ቃል ይለቅና ማሚቶዋን ባዶው ላይ ይተዋታል። ደብ የተባለው ሙዚቃ ከሞላ ጎደል የእሱ እጅ ሥራ ነው።

ታዲያ የማን ንብረት ነው? ጃማይካ ያኔ የምትሠራው ከእንግሊዝ በወረሰችው የ1911 ሕግ ነበር። ያ ሕግ የቀረጻው ደራሲ አድርጎ የሚቆጥረው የዋናውን ሸክላ ባለቤት ነው፤ ማቀላቀያው ላይ ተቀምጦ ዘፈኑን እንደ አዲስ የሚሠራው ሰው በሕጉ ዓይን ቅጥር ባለሙያ ነው። ለእኔ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ገዢው እኮ ሸክላውን የሚያነሳው የተቢን ስም አይቶ ነበር።

ጃማይካ የራሷን የቅጂ መብት ሕግ ያወጣችው በ1993 ነው። ተቢ አልደረሰበትም። የካቲት 6 ቀን 1989 ከስቱዲዮው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደጃፉ ላይ በጥይት ተገደለ፤ 48 ዓመቱ ነበር። ገዳዩ ማን እንደሆነ አልታወቀም።