ደስታን በቀጠሮ

ባለፈው ወር የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛዬን ቀበርን። ገና ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። በሠልስቱ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ከሳሎኑ ጥግ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳ የተደገፈ ነገር አየሁ። በገና ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አብረን ሄደን የገዛነው በገና! የያዛቸውን ትልልቅ ጉዳዮች እንደጨረሰ መደርደር እንደሚማር ያኔ ነግሮኝ ነበር። ባለቤቱ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይታ፣ ከተገዛበት ቀን ወዲህ ጨርቁ እንዳልተገለጠ በዝግታ ነገረችኝ።

እኛ የሕግ ሰዎች ቀጠሮ ለምዶብናል። ማስረጃ አልተሟላም? ቀጠሮ። መጥሪያ አልደረሰም? ቀጠሮ። ዳኛው የሉም? ቀጠሮ። ወዳጄም ለበገናው ቀጠሮ ሲሰጥ፣ በቀጠሮው ላይ ሌላ ቀጠሮ ሲደርብ ኖረና መዝገቡ ክርክር ሳይሰማበት ተዘጋ። ያን ዕለት ማታ እኔም የራሴን መዝገቦች ቆጠርኩ። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያታለሁ፤ ግን ስልኬን እየነካካሁ አቦሉን ጠጥቼ እነሳለሁ። ለቶና የቆየሁበትን ቀን አላስታውስም፤ በረካማ ጭራሽ አይታሰብም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከመደርደሪያዬ ላይ አንድ የድሮ ወዳጅ አወረድኩ። የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ዳኛ ነበር። ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሚሼል ደ ሞንቴን ይባላል። ለዛሬ የእሱን ነገር ላጫውታችሁ፤ ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።

ሞንቴን በ1533 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ ብዙም በማይርቅ የቤተሰቡ ርስት ላይ ተወለደ። ርስቱን የገዛው ወይን ጠጅና በጨው የደረቀ ዓሣ እየነገደ ሀብት ያፈራው ቅድመ አያቱ ነው። አባቱ ደግሞ የራሱ ፍልስፍና ያለው ሰው ነበር። ልጁ ከድሃው ሕዝብ ጋር እንዲዛመድ ብሎ ገና ጡት ሳይጥል በአንድ ደሳሳ መንደር ለገበሬዎች ሰጥቶ አሳደገው። ወደ ቤት ሲመለስም ፈረንሳይኛ የማይችል ጀርመናዊ መምህር ቀጠረለትና ቤተሰቡም አሽከሩም ከሕፃኑ ጋር በላቲን ብቻ እንዲነጋገር አዘዘ። ጠዋት ድንገት ተቀስቅሶ እንዳይደነግጥ በሙዚቃ ነበር የሚያስነሳው።

በሃያዎቹ ዕድሜው ዳኛ ሆነ። ከ1557 ጀምሮ በቦርዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ13 ዓመታት ገደማ አገለገለ። ያየው ነገር ግን ሆዱን አሻክሮታል። በዘመኑ ከተፈጸሙት አንዱን ጽፎት አልፏል። በነፍስ ግድያ ሞት የተወሰነባቸው ሰዎች ነበሩ። ፍርዱ ሊነበብ ሲል፣ በአቅራቢያው ባለ የበታች ፍርድ ቤት የተያዙ ሌሎች ሰዎች ግድያውን ማመናቸው ተሰማ። ዳኞቹ መከሩ፤ ሥርዓቱን ተከትሎ የተወሰነን ፍርድ ማገድ መጥፎ ልማድ ያመጣል አሉ፤ ንጹሐኑም ለሥነ ሥርዓቱ ሲባል ሞቱ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ሞንቴን በማሰቃየት የሚገኝ የእምነት ቃልን አጥብቆ ከተቃወሙት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው እንዲህ ያለውን ፍትሕ ከቅርብ ስላየ ይመስለኛል።

በዚያው ፍርድ ቤት የዕድሜ ልኩን ወዳጅ አገኘ። ኤቲየን ደ ላ ቦኤሲ ይባላል፤ እሱም ዳኛ ነው። ወዳጅነታቸው ግን ብዙ አልቆየም። ላ ቦኤሲ በ1563 ታሞ በ32 ዓመቱ ሲሞት ሞንቴን አልጋው አጠገብ ነበር። ከዚያም ሞት ተከታተለበት። በ1568 አባቱ ሞተ። ወታደር የነበረው ወንድሙ በ23 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ከጆሮው በላይ ተመትቶ በሰዓታት ውስጥ አረፈ። በ1570 የተወለደች የመጀመሪያ ልጁ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ኖረች። በዚያው ሰሞን እሱ ራሱ ፈረስ ላይ ሳለ የገዛ ሰዎቹ አንዱ በግዙፍ ፈረስ ሲጋልብ መጥቶ ደፈጠጠው፤ ደም እያስታወከ በሰው ሸክም ቤቱ ገባ። ሲያገግም ያስታወሰው ነገር ግን አስገረመው፤ ወደ ሞት መጠጋቱ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው ያለ እንጂ የፈራውን ያህል አልነበረም።

በ1570 የዳኝነት ወንበሩን ሸጠ። አዎ፣ ያኔ በፈረንሳይ የዳኝነት ሹመት በግልጽ ይገዛና ይሸጥ ነበር! በ1571፣ ሠላሳ ስምንተኛ ዓመቱን በደፈነበት ቀን፣ ሹመትና አደባባይ እንደሰለቸውና የቀረ ዕድሜውን በነጻነት ሊኖር እንደወሰነ ግድግዳው ላይ በላቲን አስጻፈ። ከቤቱ ጥግ ባለች ክብ ግንብ ውስጥ ታች ጸሎት ቤት፣ መሐል መኝታ፣ ላይ አንድ ሺህ ያህል መጻሕፍት ነበሩት። የጣሪያውን ወራጆች ሳይቀር በግሪክና በላቲን ብሂሎች አስሞላቸው።

ሰላም ያገኘ መሰለው። አላገኘም። ሥራ የፈታ አእምሮው እንደተለቀቀ ፈረስ ይጋልብበት ጀመር። የማይረባ ሐሳቡን ሁሉ ጽፎ ራሱን ሊያሳፍር ብዕር አነሳ። እነሆ፣ ከዚህ ሥራ ፈትነት አንድ አዲስ የአጻጻፍ ዓይነት ተወለደ። ስሙን ሙከራ የሚል ትርጉም ባለው የፈረንሳይኛ ቃል ጠራው። እኛ ወግ የምንለው፣ መስፍን ሀብተማርያም በ"የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች" ያስወደደን፣ እኔም በየሳምንቱ የምሞካክረው ጽሑፍ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ስለ ምን ጻፈ? ስለ ሽታ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አውራ ጣት፣ ስለ ጭካኔ፣ ስለ ወዳጅነት፤ ከሁሉ በላይ ስለ ራሱ።

ስለ ራሱ ሲጽፍ ደግሞ አይኮፈስም። ሐብሐብ ይወድ ነበር። ሲበላ ከመቸኮሉ የተነሣ ምላሱን፣ አንዳንዴም ጣቱን ይነክስ ነበር። ጆሮውን ማከክ ደስ ይለው ነበር። ከድመቱ ጋር ሲጫወት እሱ ድመቷን ይሁን ድመቷ እሱን የምታጫውተው ለይቶ አያውቅም። የሚገርመኝ ግን አንድ ነው። እንቅልፍ ሳይታወቀው እንዳያልፍ ብሎ ሌሊት እንዲቀሰቅሱት ያዝዝ ነበር፤ መተኛቱን ለማጣጣም! እኛ ስንቶቻችን ነን ምሳችንን በልተን የበላነውን የማናስታውስ?

እዚህ ላይ አንባቢ ሊከራከረኝ ይችላል። ባለርስት ነው፤ የሚያርሱለት ገበሬዎች አሉት፤ የቤቱን አስተዳደር የሚስቱ የፍራንሷዝ ትከሻ ተሸክሞታል፤ ግንብ ላይ ወጥቶ ቢዝናና ምን ይደንቃል? ክሱ ፍሬ አለው፤ አልክድም። ግን መከላከያውም ይሰማ።

ያ ሁሉ የተጻፈው በሰላም ጊዜ አልነበረም። ከ1562 እስከ 1598 ፈረንሳይ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ተብላ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። ጎረቤት ሁሉ ቤቱን ሲያጥር እሱ በሩ ላይ ከአንድ ዘበኛ በቀር አላቆመም። አንድ ጎረቤት ተሳደድኩ ብሎ ከወታደሮቹ ጋር ግቢው ገብቶ ቤቱን ሊነጥቀው ነበር፤ የሞንቴን አቀባበልና ግልጽነት ግን ክፋቱን አስጥሎት ተመልሶ ሄደ። ከወለዳቸው ስድስት ሴቶች ልጆች ያደገችለት ሊዮኖር ብቻ ናት። አባቱን የገደለው የኩላሊት ጠጠር በአርባዎቹ ዕድሜው እሱንም ያዘው። በ1580 የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት አሳትሞ፣ ፍል ውኃ ፍለጋ ጭምር በጀርመንና በስዊዘርላንድ አድርጎ ጣልያን ወረደ። በ1581 የቦርዶ ከንቲባ ሆኖ መመረጡን የሰማው እዚያው ፍል ውኃው ዘንድ ነው። አመነታ፤ ንጉሡ ሲያዙት ግን ተመልሶ ለሁለት ዘመን፣ አራት ዓመት ሠራ። ከአደባባይ ጨርሶ የሸሸ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

በመዝገቡ ላይ አንድ ከባድ ነጥብ ይቀራል። በ1585 የሥልጣን ጊዜው ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቦርዶን ወረርሽኝ መታት። ሞንቴን ከከተማዋ ውጪ ነበር፤ ለርክክቡም አልገባም። ብዙዎች በኋላ ፈሪ ብለውታል። እኔ አልፈርድበትም፤ ነጻም አላወጣውም። ወረርሽኙ ርስቱ ድረስ ሲመጣ ቤተሰቡን ይዞ ለስድስት ወር ተንከራተተ። ያኔ ያያቸውን ገበሬዎች ግን አልረሳም። በጤናቸው መቃብራቸውን የቆፈሩ ነበሩ፤ ከሠራተኞቹ አንዱ እየሞተ ሳለ በእጅ በእግሩ አፈሩን ወደ ራሱ ሲስብ ነበር። ፈላስፎች በብዙ ጥራዝ የሚያስተምሩትን፣ እነዚህ ያልተማሩ ሰዎች በጸጥታ ሲፈጽሙት አየ። በሕፃንነቱ ያጠቡትን ሰዎች መምህሮቹ አድርጎ የተቀበላቸው ያኔ ይመስለኛል።

በ1588 ሦስተኛውን መጽሐፍ ጨምሮ አሳተመ። ከዚያም በታተመው ቅጂ ኅዳግ ላይ እስከ መጨረሻው እየጨመረ ጻፈ። መስከረም 13 ቀን 1592 ጉሮሮው አብጦ መናገር ተስኖት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ቅዳሴ እየተቀደሰ አረፈ። 59 ዓመቱ ነበር። የጨመረውን ሁሉ ሰብስባ በ1595 ያሳተመችው ማሪ ደ ጉርኔ የተባለች ወጣት ጸሐፊ ናት።

ሃምሳ ዘጠኝ! ለእኔ ጥቂት ዓመት ነው የቀረኝ። ከሞንቴን የተማርኩት ሥራ ልቀቁ፣ ግንብ ሥሩ የሚል ምክር አይደለም። ልጆች ያሳድጋሉ፤ የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ መዝገብ ይሠራል። ሰውየው ግን ጦርነቱ እስኪያበቃ፣ ጠጠሩ እስኪወጣ፣ ሐዘኑ እስኪረሳ ደስታን አልቀጠረም። ሐብሐቡን ጦርነቱ መሐል በላ፤ ወጉን ሕመሙ መሐል ጻፈ። ወዳጄ በገናውን በሳምንት ሰላሳ ደቂቃ ቢደረድረው ኖሮ አንድም መዝገብ አይበላሽበትም ነበር። ሰላሳ ደቂቃ ደግሞ ግንብ አይጠይቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ እናቴ ዘንድ ገባሁ። አቦሉን ጠጣሁ፤ ቶናውን ጠጣሁ። ለመነሳት ስላልተቁነጠነጥኩ ግራ ገባትና ሥራ ተባርሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በረካው እስኪፈላ ስለ አባቴ አንድ የማላውቀውን ታሪክ አጫወተችኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ልጇ ሆኜ አልሰማሁትም፤ ለካ ሦስተኛው ስኒ ላይ ነበር የምታወራው።

ሰላም ሰንብቱ።