ፊትም እንጀራ ሲሆን

በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ዶክተር ሱዛን ኖኤል በ1878 እ.ኤ.አ. በሰሜን ፈረንሳይ ተወለዱ። ሕክምና መማር የጀመሩት ትዳር ከያዙ በኋላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የቆሰለ ወታደሮችን አከሙ።

ከዚያ በኋላ ፓሪስ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ሴቶችን ማከም ቀጠሉ። በዚያ ዘመን ፊቷ ስለተሸበሸበ ብቻ ሥራ የምታጣ ሴት ነበረች። ዶክተሯ የእያንዳንዷን ቆዳ ቆንጥጠው ይለካሉ፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ትርፉን ቆዳ ያነሳሉ። ታካሚዋም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። መክፈል የማይችሉትን በነፃ ያክሙ ነበር።

ልጃቸውንና ሁለተኛ ባለቤታቸውን በሞት ቢነጠቁም ከሥራ አልራቁም። በ1924 የሶሮፕቲሚስት የሴቶች ክበብን በፓሪስ አቋቋሙ፤ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙም ታገሉ። ያረፉት በ1954 ነው።

እኛም ማኅበር ያለን ሴቶች ነንና ታሪካቸው ቅርባችን ነው። ከመካከላችን ምን እንዳለበት ሳናውቅ፣ ጎረቤት ስላመጣችው ብቻ ፊት የሚያነጣ ቅባት የተቀባን አለን። ሱዛን ያከሙት ቤታቸው ውስጥ ቢሆንም ሐኪም ነበሩ፤ ሳይለኩም አልነኩም። እህቶች፣ ለፊታችን ከመቀባታችን በፊት ሐኪም እንጠይቅ።